ዳማ የተሸጠበት ጠዋት

ባለፈው ቅዳሜ ምስር ልሸምት ንፋስ መውጫ ገበያ ወጥቼ ነበር። በከብት ተራው ዳር ሳልፍ አንድ ሽማግሌ በሬ ሲሸጡ አየሁ። ገዥው ገመዱን ተቀብሎ ወዲያው አልሄደም፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ምርቃታቸውን ይጠብቅ ጀመር። በእኛ አገር ሻጭ ያልመረቀውን ከብት ይዞ መሄድ አይወደድም፤ የባለቤቱ ዓይን ተከትሎት ይመጣል ይባላል። ሽማግሌው መረቁ፣ ገዥውም አሜን ብሎ በሬውን እየነዳ ሄደ። እኔ ግን ምስሩን ረስቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ፒካፕ መኪናቸውን የሸጡት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ በምጠብቅበት ዓመት ነው። ጥቅምት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐዩ ደስ ይላል። ቤታችን ወደ ቤተ ልሔም በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ የአጫጆቹ ዘፈን ከየማሳው ይሰማን ነበር።

መኪናው ዳማ ፈረስ ይመስላል ብለው ስሙን ዳማ ያሉት አያቴ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ገዝተው ከወገዳ ገበያ እህል ሲያመላልሱበት ኖሩ፤ ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ለአባቴ አስረከቡት። ውስጡ ናፍጣ ናፍጣ፣ አቧራ አቧራ ይሸታል፤ ወንበሩ ሥር ሁልጊዜ የፈሰሰ ገብስ አይጠፋም። ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር የሚጠራውም ዳማ ነበር። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ እላዩ ላይ የተወለደ አንድ ጎረምሳ በሰፈራችን አለ፤ ሲሮጥ ባዩት ቁጥር «ማርሽ ቀይር!» እያሉ ያሾፉበታል።

አባቴ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ከሞተ በኋላ ዳማ ግቢያችን ውስጥ ቆመ። ዶሮዎች ያድሩበት ጀመር። እናቴ ዶሮዎቹን ታባርራለች፣ መስታወቱን ትወለውላለች፤ እንሽጠው ያለ ሰው ግን አልነበረም። በኋላ የእናቴ እንቅርት እያደገ ትንፋሽ ከለከላት። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ካላደረገች እንደሚያሰጋት ነገሩን። ለዚያ የሚበቃ የሚሸጥ ነገር ከዳማ በቀር አልነበረንም። ለአያቴ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። «ሰው ይበልጣል» አሉኝ።

ገዥው የወገዳ እህል ነጋዴ ነበር፤ ሳቂታ ሰው። ጎረቤቶች ዳማን ገፍተው አስነሡለትና ሞተሩን አዳመጠ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ወደደው። ይኼኔ አያቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረቡ። በሬ የሚሸጥ ሰው ከመመረቁ በፊት የበሬውን ነውር መናገር አለበት፤ ነውር የተደበቀበት ምርቃት አይደርስም። አያቴም እንደ በሬው አደረጉ። ጠዋት ጠዋት መነሣት ስለሚለግም ተዳፋት ላይ ማሳደር እንደሚሻል፣ የቀኙ በር ከውስጥ እንደማይከፈት፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ማመን እንደማይገባ አንድ በአንድ ነገሩት።

ነጋዴው ሳቀ። «አባባ፣ ሊሸጡልኝ ነው ወይስ ሊያስጥሉኝ?»

አያቴ አልሳቁም። «አንድ ቀርቶኛል» አሉ። «ሬሳ ጭኗል። ልጄን ከሆስፒታል ያመጣው ይኼው ነው።»

ነጋዴው በሩ ላይ የነበረውን እጁን አነሣ። የመንገድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይፈራል። እናቴ በነጠላዋ አንገቷን ሸፈነች፤ ትንፋሿ ሲያፏጭ ይሰማኛል። አያቴ ይህን ባይናገሩስ ምን ነበረበት ብዬ በውስጤ ተናደድሁ። አሁን ሰውዬው ትቶን ይሄዳል፣ እናቴም እንደ አባቴ ትሆናለች ብዬ ፈራሁ።

«ማን ነዳው?» አለ ነጋዴው፣ ቀስ ብሎ።

«እኔ።»

«በዚህ ዓይንዎ?»

«መንገዱን አውቀዋለሁ። ልጄን ሌላ ሰው እንዲያመጣው አልፈለግሁም።»

ነጋዴው ኮፍያውን አወለቀና ሁለት እጁን ዘረጋ። «እንግዲያው ይመርቁኝ፣ አባባ» አለ።

አያቴ እጃቸውን አነሡ። «እግዚአብሔር…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። እንደገና «እግዚአብሔር…» አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን የለም። ሁላችንም አሜን ለማለት ተዘጋጅተን ቆመናል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱና «አንቺ ጨርሽው» አሉኝ።

እኔ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት ማለት የሚያስጨንቀኝ ልጅ ነበርሁ። ሽማግሌ ባለበት ልጃገረድ ስትመርቅም አይቼ አላውቅም። እናቴን አየኋት። «መንገድዎን ያቅናልዎ» አልሁ። «ደኅና ያግባዎ።» አሜን አሉ። ነጋዴው ገባ፣ ጎረቤቶች ገፉ፣ ዳማም ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ። አያቴ አላዩትም። መኪናው ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ሄደው ዘይት የጠጣውን አፈር በከዘራቸው ጫፍ ጫር ጫር ያደርጉ ነበር።

እናቴ ታክማ ዳነች። ዛሬ ድምፅዋ ከእኔ ድምፅ ይልቃል፤ ጎረቤት ስትጣራ ማዶ ድረስ ይሰማል። አያቴ ግን የሚቀጥለውን ክረምት አላለፉም።

ዳማ በተሸጠበት ዕለት ቤታችን ውስጥ የነበረው ደስታ ነው። ጎረቤቶች እናቴን እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏት ዋሉ፣ እሷም እሸት ቆልታ አቀረበች፤ እኔ የጉዞ ሻንጣዋን አዘጋጅ ነበር። አያቴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐዩ እስኪገባ አልተነሡም፤ ደክሟቸው ነው አልን። አሁን ሳስበው፣ ልጃቸውን በዳማ በገዛ እጃቸው ነድተው ካመጡ ወዲህ ያ ሁለተኛ ለቅሷቸው ነበር፤ ለቀስተኛ ግን አልመጣላቸውም። ለማላውቀው ሰው ደኅና ያግባዎ ያልሁት እኔም እሸት ይዤላቸው ወጣሁ፣ አጠገባቸው አስቀመጥሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ ሳልላቸው ተመልሼ ገባሁ።