በማርያም ዕለት ያልተገለጠው ቡና

ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ። ከአራቱ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ሦስቱ ፈርሰዋል። የአራተኛው ሽቦ በአንድ ወገን ተነቅሎ በሌላው ወገን ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጉጠቱ መሬት ላይ ወድቋል። ታላቅ ወንድሜ አድማሴ ንብረት ሥራውን እዚህ ላይ ተወው።

አድማሴ ከአይከል በላይ ባለች የጭልጋ ደጋ መንደር ተወልዶ እዚያው የኖረ ገበሬ ነበር። ስንዴና ባቄላ ያርሳል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ አባታችን የተከለው ቡና ነበረው። ቦታው ለቡና ብርድ ስለሚበዛበት ፍሬው የሚቀላው ዘግይቶ ነው፤ አባታችን «ሰነፉ ቡና» ይለው ነበር። ለቤት እንጂ ለገበያ ያሰበው ሰው አልነበረም። ጎንደር ፒያሳ ቡና እየቆላች የምትሸጠው ሄለን፣ ጥቂት ወስጄላት ስትቀምሰው ስኒውን አስቀምጣ እንደገና አነሣችው። ከዚያ «ይሄ የት ነው የበቀለው? ማር ማር ይላል እኮ» አለች። ያጣፈጠው ያው ብርዱ ነበር፤ ቀስ ብሎ ይበስላላ።

ሄለን መንደሩ ድረስ ወጥታ አድማሴን አሠራሩን አሳየችው። ቀይ ቀዩን ብቻ ልቀም፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አስጣ፣ ሳታገላብጥ አትዋል፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ ሸፍን፣ ጠዋት ግለጥ። «ተሸፍኖ ከዋለ ይታፈንና ይሻግታል» አለችው። ካማረ ደግሞ በአባታችን ስም «የንብረት ቡና» ተብሎ ሊሸጥ ነው። ከዚያ ወዲያ አድማሴ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሚስቱ ሸጋዬ «ለእኔ ያልሠራውን አልጋ ለቡናው ሠራለት» እያለች ትስቅበት ነበር። ፍሬውን የሚለይበት ሰፌድ ሲያንሰው ከጎረቤቱ ከየትነበርሽ ተዋሰ።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ ተመልሶ ላስቲኩን ገለጠና ፍሬውን በእጁ ማገላበጥ ጀመረ። የሚካኤል ጽዋ ማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ አያ ስማቸው በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አዩት።

«ምነው አድማሴ፣ ሚካኤል አንተን ዘሎህ ነው የሄደ?»

«ማረሻ አልያዝሁ አያ ስማቸው። በእጄ ነካ ነካ ነው ያደረግሁት።»

«እጅህ ታዲያ በዓል የለውም?»

አድማሴ ሳቀ። አያ ስማቸው አልሳቁም።

በሦስተኛው ቀን በረዶ ወረደ። ያልታጨደውን ስንዴ ሁሉ ከመሬት ደባለቀው። ባሏ የሞተባት የትነበርሽ ምርቱን ልትካፈል በእኩል ያሳረሰችው ማሳ ከተጎዱት ሁሉ የባሰ ነበር። በእኛ አገር በዓል የሻረ ሰው ራሱን ብቻ አይጎዳም፤ በረዶውን በሁሉም ላይ ይጠራል ይባላል። ያ በረዶ በዚያው ቀን ከወንዙ ማዶም ወርዷል። ማዶ ተሻግሬ ጠይቄአለሁ፤ እዚያ ቡና ያለው የለም፣ ሚካኤልን የሻረም አልተገኘም። ይህን ለመንደሩ ሰው ብናገር የሰማኝ የለም።

ማኅበሩ ተሰብስቦ ከአድማሴ ቤት እሳት እንዳይጫጫሩ ተባባለ። ሸጋዬ ሰፌዱን ልትመልስ ብትሄድ የትነበርሽ ከውስጥ ሆና «እዚያው ይቀመጥ፤ ከእናንተ እጅ አልቀበልም» አለቻት። አድማሴ ወደ አያ ስማቸው ሄዶ ከደጃቸው ቆመ።

«ምን ላድርግ አያ?»

«አክብር። እናይሃለን።»

ዓርብ፣ ኅዳር ሃያ፣ ማታ ካፊያ ስለነበር አልጋዎቹን ሸፈነ። ማግስቱ ቅዳሜ ኅዳር ጽዮን ማርያም ናት፣ ከዚያ እሑድ። ቅዳሜ ጠዋት ደህና ፀሐይ ወጣ።

ሸጋዬ «ላስቲኩን እንኳ ልግለጠው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አለችው።

«ተይ አንቺ። እያዩን ነው።»

«ይሻግታል እኮ!»

«ቡናውን ሳድን ሰው አጣሁ። አሁን ሰውን ላድን።»

ከላስቲኩ ሥር ውሃው ሲንጠባጠብ ከደጃፉ ተቀምጦ እያየ ዋለ። እሑድም እንደዚያው። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ገለጠው። ፍሬው ነጭ ሻጋታ ለብሶ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ደህና የመሰለውን ለይቶ አድርቆ በቦርሳ ይዞ እኔ ወደምኖርበት ጎንደር መጣ። ወደ ሄለን አብሬው ሄድሁ። ሄለን እፍኝ አንሥታ አሸተተችና መልሳ ጨመረችው።

«ምን ሆነ አያ አድማሴ?»

«ማርያም ነበረች» አላት።

ሄለን በማርያም ዕለት የራሷንም ሱቅ ዘግታ ውላ ነበር። አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ በጣቷ ያዝ አደረገች። «ይሄንን ልገዛልህ አልችልም» ያለችው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። አድማሴ ቦርሳውን ዘጋ። በመንገድ ላይ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሁን እንኳ ይታረቁኛል።»

ታኅሣሥ 12፣ በወሩ ሚካኤል፣ የማኅበሩን ጽዋ የሚደግሰው እሱ ነበር፤ ተራው ነው። ሸጋዬ ጠላውን ጠምቃለች። በዋዜማው አድማሴ ማኅበሩ ፊት ቀረበ።

«ማርያምን አክብሬ ቡናዬ ተበላሸ። ከዚህ በላይ ምን ላምጣ?»

አያ ስማቸው «ለማርያም ያከበርኸውን ለሚካኤል ብታከብረው ኖሮ የየትነበርሽ ስንዴ ጎተራ በገባ ነበር» አሉት። «ዓመት ይቆይ።»

ጽዋው እሱን አልፎ ወደ ሌላ ቤት ሄደ። ጠላው ጋኑ ውስጥ ኮመጠጠ። አልጋዎቹን ማፍረስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓርብ ዕለት፣ ሦስቱን አፍርሶ አራተኛውን ሲጀምር፣ አንድ ነገር አድርሶ ለመምጣት ጉጠቱን ጣለ። ሲመለስ ደረቱን ውጋት ያዘው። ሸጋዬ የሚሸከም ሰው ፍለጋ ከአጥር ወጥታ ብትጮህ ሰው የደረሰው ነፍሱ ካለፈች በኋላ ነበር።

ማግስቱ ታኅሣሥ ገብርኤል ነበር። መንደሩ አንድ ሳይቀር ለቀብር መጣ። አያ ስማቸው እያለቀሱ ዶማ ይዘው በተራቸው ቆፈሩ። ያን ቁፋሮ በዓል መሻር ነው ያለ ሰው አልነበረም።

የዓርቡን ነገር የነገረችኝ የትነበርሽ ናት። አድማሴ ሰፌዱን በክንዱ ሥር ይዞ ወደ አጥሯ መጣ። አልጠራም። ነፋስ እንዳይጥለው በአጥሩ እንጨት ላይ በማንጠልጠያው አጥብቆ አሰረው፣ አቧራ እንዳይሞላውም የሰፌዱን ፊት ወደ ግቢዋ አዙሮ ሄደ። እሷ ከበሩ ጀርባ ሆና ታየው ነበር። መራቁን አይታ ወጣችና ሰፌዱን ፈትታ አስገባችው።