አክስቴ ያጠነችው እብነ በረድ

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበረ፤ ወይ አሥራ ሁለት። እናቴ የተወለድኩበትን ስታሰላ አንዱ ጾም ከሌላው ጾም ይምታታባት ነበርና ከዚህ ይበልጥ አላውቅም። ጣሊያን መሐል ሜዳ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበትን ዘመን ሰው ሲያወራ በተኩሱና በቃጠሎው ያነሣዋል። እኔን ዘመኑን የሚያስታውሰኝ አንድ ነጭ ዕቃ ነው፤ ዕቃውንም የማስታውሰው በቅናቴ ነው።

እናቴና አክስቴ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናቴ ታላቅ፣ አክስቴ ታናሽ። ቤታችንን ከቤታቸው የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነበረ። አባቴ ያኔ ዱር ነው፣ ከአርበኞቹ ጋር። የአክስቴን ባል ግን ጣሊያኖቹ ከእርሻው ላይ ወሰዱና የሹማቸው ቤት ጠራጊ አደረጉት። ሹሙ ዕቃ ሰብሳቢ ነበረ። ከእብነ በረድ የተሠሩ ዕቃዎች መደርደሪያ ላይ ደርድሮ፣ አንዱ እንቁላል የመሰለ፣ አንዱ እንደ ቀንድ የታጠፈ፣ ማንም እንዳይነካበት ይጠብቃቸዋል።

«ምን ይጨመርባቸዋል?» አለችው እናቴ አንድ ቀን የአክስቴን ባል።

«ምንም አይጨመርባቸውም።»

«ታዲያ ምን ያደርግባቸዋል?»

«ያያቸዋል። ወንበር ስቦ ቁጭ ይልና ያያቸዋል።»

«በግ የለው ምስኪን» አለች እናቴ። «ቢኖረው በጉን ያይ ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን። ያኔ ሳቅሁ እንጂ ገና አልቀናሁም ነበር።

ጣሊያኖቹ ምሽጉን ጠቅልለው የሄዱ ዕለት አገሩ ሁሉ ወደዚያ ሮጠ። ቆርቆሮ የተሸከመ አለ፣ በር የነቀለ አለ፣ ምን እንደሚያደርግበት ሳያውቅ ጎማ እያንከባለለ የመጣ አለ። እናቴ ከደጃችን አልተነሣችም። «ባሌ የሚዋጋውን ሰው ትራፊ አልለቅምም» አለች። የአክስቴ ባል በጋቢው የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ። ሹሙ ዕቃዎቹን በጭድ ጠቅልሎ በቅሎ ላይ ሲያስጭን፣ ጭነቱ አልመጣጠን ብሎ አንዱ ተርፎ ኖሯል።

ጋቢው ሲገለጥ ነጭ ዕቃ ወጣ። ቁመቱ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ይሆናል። እጀታ የለው፣ ጌጥ የለው። ወገቡ እንደተጨመቀ ነጠላ ተጠማዝዟል፤ አፉ እንደ ሕፃን ጆሮ ስስ ነው። ነጭነቱን ከምን ጋር ላመሳስለው? የማለዳ አመዳይ ይመስላል እንዳልል፣ አመዳይ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል። ይኼ ፀሐይ ሲመታው ይብስበታል።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ዕቃ በየከተማው እያሳደዱ የሚሰበስቡ ሰዎች እንዳሉ ስሰማ አይደንቀኝም። እኔ ያን ዕለት ብችል ሰብስቤው እሮጥ ነበር።

የአክስቴ ልጅ እኩያዬ ናት። የመንደሩን ልጆች ሁሉ አስነካቻቸው። እኔ እጄን ስዘረጋ ዕቃውን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«አንቺ አትንኪው። እጅሽ የበግ ሱፍ ሱፍ ይሸታል።»

«ያንቺስ?»

«የኔ ታጥቧል።»

«መቼ?»

«ዛሬ፣ ለሱ ስል።» ቀጥላ ደግሞ፣ «አባትሽ ከዱር ሲመጣ ምን ያመጣልሻል?» አለችኝ።

«ጠመንጃ።»

«ቅማል ነው የሚያመጣልሽ» አለችና ልጆቹን አሳቀቻቸው።

አልቅሼ ወደ እናቴ ሄድኩ። የሷ አባት ለጣሊያን ሲጠርግ ከርሞ ይኼን አገኘ፤ የኔ አባት ለአገር ሲዋጋ እኛ ባዶ ቤት ቀረን አልኳት። እናቴ ሱፍ እየባዘተች ነበረ። «እኛም ጽዋው አለን» አለችኝ።

እውነት ነው፣ ጽዋው ነበረን። አያቴ የማርያምን ማኅበር ስታቋቁም ያስገዛችው ጥቁር የሸክላ ዕቃ ነው። ማኅበሩ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር የሚባረከው ጠላ በሱ ይቀዳል። አያቴ ስትሞት ለታላቋ ልጇ ለእናቴ ተወችው፤ ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኞቹ «የናንተ ጽዋ» እያሉ ያከብሩናል። ከዚህ ሌላ የምንከበርበት ነገር በቤታችን አልነበረም። ይህ ነገር አክስቴን ከዚያ ጀምሮ ውስጧን ሲበላት እንደኖረ ያወቅሁት የማኅበሩ ተራ የደረሳት ወር ነው።

«እትዬ» አለቻት እናቴን በካቡ ላይ አሻግራ፣ «የፊታችን ማርያም ጽዋውን ማምጣት አያስፈልግሽም። በነጩ እንቀዳለን። ማኅበርተኞቹም ወደውታል።»

«ለዚህ ወር ነው?»

«ከወደዱት እንግዲህ ለዘለቄታው ይሁና። ጥቁሩ አርጅቷል።»

«ያምራል» አለች እናቴ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አለኝ። ነጩ አንዴ ማኅበር ከገባ ጥቁሩን የሚፈልገው እንደማይኖር ገብቶኛል።

የማርያም ዋዜማ አክስቴ ዕቃውን ስታሰናዳ ካቡ ላይ ተቀምጬ አየኋት። ጠላ የሚገባበት አዲስ ዕቃ መታጠን አለበት፤ እንኳን እሷ እኔም አውቃለሁ። በቅጠል አሸችው። ከመርሐቤቴ ቆላ የመጣ ጥንጁት፣ የማጠኛውን እንጨት፣ ገል ላይ ባለ ፍም ላይ ጨመረችና ዕቃውን በአፉ ደፋችበት። ሸክላ ቢሆን ጭሱን ጠጥቶ ይጣፍጥ ነበር። እብነ በረድ ጭስ አይጠጣም፤ ይግላል እንጂ። አክስቴ ጥላሸቱ አስደንግጧት ሳይበርድ አነሣችውና የምንጭ ውኃ ቸለሰችበት። የኛን አገር ውኃ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቅዝቃዜው ጥርስ ይነቅላል። ጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው?» አለች አጠገቧ የቆመችው ልጇ።

«ገሉ ነው» አለች አክስቴ።

በማግስቱ ማኅበርተኞቹ ተሰበሰቡ። ነጩ ዕቃ ጠላ ሞልቶ በመሶብ ላይ ተቀመጠ። የማኅበሩ አባት ቄሱ ጧፍ አብርተው ጸሎት ጀመሩ። ጧፉ ከዕቃው ጀርባ ሲሆን ስሱ አፉ ብርሃን አሳልፎ፣ መብራት ላይ እንደያዙት ጣት ቀላ፤ ሴቶቹ እርስ በርስ ተጎሻሸሙ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ከንፈሬን ነከስኩ። በመካከሉ ቄሱ ወደ እግራቸው ተመለከቱ። ጫማቸው ርሷል።

«ልጄ» አሏት አክስቴን ቀስ ብለው፣ «ይኼ ዕቃሽ ቀድሞን እየቀዳ ነው።»

አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። አክስቴ ዕቃውን ብድግ ስታደርገው ከወገቡ እስከ ሥሩ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታየ፤ ጠላው በዚያ ይንጠባጠባል። ፊቷ ዕቃውን መሰለ። እናቴ ወደኔ ዞር አለችና፣ «ጽዋውን አምጪ» አለችኝ።

ካቡን እንዴት እንደዘለልኩት አላውቅም። ጥቁሩን ታቅፌ ስመለስ ደስታዬ ልኩን አልፎ ነበር። ጠላው ወደሱ ተገለበጠ፣ ተባረከ፣ ተቀዳ፤ ጽዋው የኛ እንደሆነ ቀረ። ነገር ግን ሴቶቹ በጥቁሩ የተቀዳውን እየጠጡ ዓይናቸው ጥግ የተቀመጠው ነጩ ላይ ነበር። እንደተሰነጠቀ፣ ባዶውን፣ እሱን ነው የሚያዩት። የአክስቴ ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ በቀሚሷ ጫፍ ታደርቀዋለች። ቅናቴ ተመልሶ ቦታውን ያዘ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ሰም አሙቃ ወደ አክስቴ ቤት ሄደች። ስንጥቁን በጣቷ እየዳሰሰች ከላይ እስከ ታች ደፈነችው። ከዚያ እኅቷን፣ «እስከ እሑድ ላቆየው?» አለቻት። አክስቴ አልከለከለቻትም። እናቴ ዕቃውን ቤት አምጥታ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠችው፤ መቀመጫዋን ወደሱ አዙራም እስከ እሑድ ድረስ እያየችው ሱፏን እዚያ ፈተለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በነጠላዋ ጠቅልላ ለአክስቴ መለሰችላት።