ጭቃ የበላው እግር

ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በአንዱ ክረምት፣ ናዝሬት ላይ ዝናቡ አላባራ አለ። ባሌ በባቡር ድሬዳዋ ወርዶ ስለነበር ቤት የቀረነው እኔና አባቱ ነበርን። ከአዋሽ ማዶ፣ ደራ ያለችው ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። እናታችን በሕይወት ስለሌለች፣ ምጥ ሲይዛት አጠገቧ እንደምሆን ቃል ገብቼላት ነበር።

ጓዜን ቋጥሬ ጋጣ ስገባ ፈረሱ የኋላ እግሩን ያነሣል፣ ይጥላል። ዳማ ነው፤ እግሮቹ ግን ነጫጭ ናቸው። ጠጉሩን ገለጥ ባደርገው ከሰኮናው በላይ ያለው ቆዳ ተሰነጣጥቆ ቅርፊት ይዟል። ስነካው ሸሸኝ። አማቼን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ ጭቃ በልቶታል፣ እግረ ነጭ ፈረስ እርጥበት አይችልም አሉኝ።

“ቀስ ብዬ ብሄድበትስ አባባ?”

“በዚህ እግሩ አዋሽን ብታሻግሪው ማዶ ላይ ይተኛብሻል።”

ቀረሁ። መቅረት ግን አላወቅሁበትም። ጓዜን ፈትቼ እንደገና እቋጥራለሁ፤ ከደራ የመጣ ሰው ባገኝ ብዬ ደጅ እወጣለሁ፤ ተመልሼ ጋጣ እገባለሁ። ቅርፊቱን በጥፍሬ ልልጥ ስል አማቼ እጄን ያዙ፤ ጨው በገባበት የሞቀ ውሃ ርሶ በራሱ ይለቀቅ አሉ። አጥቤ ስጨርስ ወዲያው የበግ ሞራ ቀባሁት። እሳቸው ሞራውን ጠርገው አነሡት፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ስብ ከቀቡ ውሃው ውስጥ ይታፈናል፣ መጀመሪያ እንደ ሕፃን ገላ አድርቂው አሉኝ። ከቤታችን ጀርባ ካለው ጉብታ ሥር ውሃ የሚያሳልፈውን ቀላል ጥቁር ጠጠር በቅርጫት እያመላለስን የጋጣውን ወለል ከፍ አደረግን፤ በላዩ ደረቅ ጭድ ነሰነስን። ያን ጠጠር ስሸከም ልቤ ደራ ነበር።

እብጠቱ ጎደለ፤ ስንጥቁ ግን ገና አልገጠመም ነበር። አንድ ጠዋት ከደራ የመጣ የእህል ነጋዴ በራችን ላይ ቆሞ፣ እህቴን ምጥ እንደጀመራት ነገረኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ታጥቄ በእግሬ ልወጣ ስል አማቼ ፈረሱን እየሳቡ መጡ። ኮርቻ የለውም።

“ጓዝሽን ይሸከም። እኛ በእግራችን ነን” አሉ።

በዚያ ጭቃ ሸምገል ያለ ሰው ከእኔ ጋር ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መንገዱን ሙሉ ፈረሱን በኦሮምኛ እያባበሉ፣ ውሃ ካቆረበት ቦታ እያራቁት ሄዱ። እኔ እየቀደምኩ እቆማለሁ፤ እየቆምኩም እናደዳለሁ። አዋሽ ስንደርስ መልካው፣ መሻገሪያው ላይ፣ ዋናተኞች ይዘው አሻገሩን። ማዶ እንደወጣን አማቼ ጋቢያቸውን አውልቀው የፈረሱን እግር አንድ በአንድ ማድረቅ ያዙ። ዝናቡ በባዶ ትከሻቸው ላይ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ ባለሁበት እንቆራጠጣለሁ። ቀና ብለው አዩኝ።

“ቅደሚ ልጄ። እኛ እንደርሳለን።”

ከገበያተኞች ጋር ተቀላቅዬ እየሮጥኩም እየተራመድኩም ደረስኩ። እህቴ ወልዳለች። ሴት ልጅ ናት። ስታየኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆይታ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ፤ ያዝኩት።

አማቼ ሲመሽ ደረሱ። ለፈረሱ ደረቅ ቦታ ሳያገኙ ቤት አልገባም አሉ። በማግስቱ እህቴን መርቀው፣ ፈረሱን ትተውልኝ በመጡበት እግራቸው ሊመለሱ ተነሡ። ሁላችንም ለመንናቸው፤ እምቢ አሉ።

“መንገዱ ሳይደርቅ እንዳትጫኚው” አሉኝ። ወዲያው ቀጥለው፣ “አንቺም እንዳትቸኩይ። እዚህ ታስፈልጊያለሽ” አሉ።

እርጥቡን ጋቢ ተከናንበው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ቆሜ አየኋቸው። ልከተላቸው፣ ልቅር፣ እግሬ ያመነታ ነበር። ሕፃኗ አለቀሰች፤ እህቴ ውሃ አምጪልኝ ብላ ስትጣራ ሰማሁና ገባሁ።