ጋሽ ገንዳ አልውጥ ያለው ክኒን

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኛ ሰውዬ ግን ቅጽል ስሙን ሰምቶ ወዶታል። ጋሽ ገንዳ ነው የሚሉት። የትልቁ ሆቴል መግቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳውን ከወለል እስከ ኮርኒስ የሞላ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ። ገንዳውን የሚያጥበው እሱ ነው። ጥቁር ጸጉር ይዞ ገባ፣ ይኸው ሽበት ወረሰው።

ጠዋት ጠዋት መሰላሉን ያቆማል፣ እጅጌውን እስከ ብብቱ ይሰበስባል፣ መስታወቱ ላይ የያዘውን አረንጓዴ ልጋግ በመፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቀዋል። ቆሻሻውን በጎማ ቱቦ ስቦ ባልዲ ይሞላል፣ ወስዶ ይደፋል። ከዚያ መብራቱን ያበራል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዱ። ዕድሜውን ሙሉ እያየው እንኳ፣ መብራቱ ሲበራ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ዝንጉርጉሩ ከየድንጋዩ ሥር እየወጣ ወደ እጁ ይጎርፋል። ግንባረ ትልቁን ሻለቃ ይለዋል፣ ሌላውን ሁሉ ስለሚያባርር። ቀሚሷን እንደምትጎትት የምትዋኘዋን ደግሞ ሙሽሪት።

ሚስቱ ዓሦቹን አይታቸው አታውቅም። «ጣውንቶቼ እንዴት አደሩ?» ብላ መጠየቅ ግን አትተውም።

እንዲህ ያለ ሰው ዓሣ ይበላል? አስተናጋጁ የተጠበሰ ዓሣ ይዞ ሲያልፍ እንኳ፣ ሬሳ እንዳለፈበት ሰው ቆቡን አውልቆ ፊቱን ያዞራል።

ታዲያ ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ፣ «ስብ ትንሽ ከፍ ብሏል። ይራመዱ፣ ጣፋጭ ይቀንሱ፣ ዓሣ ይብሉ። ዓሣ ካልሆነልዎ ኦሜጋ ሦስት የሚባለውን የዘይት ክኒን ይሞክሩ» አለው። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣለች። የእሷ ጆሮ ደግሞ የገባውን አይለቅም። በልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። አባቷ ቁርስ ሊበላ እንደተቀመጠ ልቡ ቆሞ የቀረ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ባሏ ቁርስ ሲበላ ዓይኗን ከደረቱ አታነሳም። ዕለቱን የዓሣ ዘይት ክኒን ገዝታ ገባች። በየጠዋቱ አንዷን ወርቃማ ፍሬ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች። እሱም ይጎርሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይመርቃታል፣ ይወጣል።

ከበሩ ሲወጣ ግን ከምላሱ ሥር አውጥቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታታል። ለመጣል ደግሞ አንጀቱ አልቆረጠለትም። በሚስቱ እጅ የተሰጠች ናት።

አንድ ቀን መሰላሉ ላይ ሲደገፍ ኪሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ፈነዳ። ሸሚዙ ከማን እጅ እንደሚገባ ታውቃላችሁ።

«ይሄ ምንድነው?» አለችው።

«ዘይት ነው።»

«የምን ዘይት?»

«የማሽን።»

«ማሽኑ ዓሣ ዓሣ ይሸታል?»

ኪሱን ገልብጣ የተጣበቁትን ክኒኖች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ትጮኻለች ብሎ ሲጠብቅ ካውያውን ነቅላ ቁጭ አለች። ከጩኸቱ ይሄ ባሰ።

«አባቴን አልተሰናበትኩም፣ አላስታመምኩም። ቁጭ እንዳለ ነው ያጣሁት» አለች። «አንተንም እንደዛ ላጣህ አልችልም። ከእኔ ጋር መኖር ሰልችቶህ ከሆነ ንገረኝ።»

«ሻለቃን የምውጠው ይመስለኛል» አለ፣ እንደ ሕፃን አንገቱን ደፍቶ።

እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ስትሞት ሻለቃ ነው የሚያለቅስልህ?»

በማግስቱ እጁን ይዛ መድኃኒት ቤት ወሰደችው። እስክሪብቶ ጸጉሯ ውስጥ የሰካች ልጅ ናት ፋርማሲስቷ። አስቀድማ ሌላ መድኃኒት፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን፣ ይወስድ እንደሆነ ጠየቀችው። አይወስድም። ከዚያ ጠርሙሶቹን ደረደረች።

ሚስቲቱ ትልቅ ቁጥር ያለበትን አነሳች። «ይሄ ኃይለኛው ነው መሰለኝ።»

«እማማ፣ የፊቱን ቁጥር አይመኑት፣ እሱ ጠቅላላ ዘይቱ ነው። ጀርባውን ያዙሩት። ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚባሉት ምን ያህል ናቸው? ቁም ነገሩ፣ ኦሜጋ ሦስቱ፣ እነሱ ናቸው። ጊዜው እንዳላለፈም ይዩ፣ ሲከፈት የሻገተ ከሸተተ ይተዉት።»

«እንደ ሰው ነዋ። ፊቱ ሌላ፣ ጀርባው ሌላ። የተልባ ዘይቱስ? ዓሣ የለበትም።»

«ተልባ ጥሩ ነው። ግን ሰውነታችን ራሱ ወደ እነዚህ ሁለቱ ቀይሮ ነው የሚጠቀምበት፣ የሚቀይረውም ጥቂቱን ነው።» አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ አወረደች። «አባባ ዓሣ ካልወደዱ ይሄ አለ። ከአልጌ ነው።»

«አልጌ ምንድነው?» አለ ጋሽ ገንዳ።

«ውሃ ያለበት መስታወት ላይ የሚይዘው አረንጓዴ ነገር የለም? የእሱ ዘመድ ነው። ንጹሕ ቦታ አሳድገው ዘይቱን ያወጡታል።»

«ልጄ፣ እኔ እሱን በባልዲ ነው የምደፋው።»

«እሱንስ ይድፉት፣ እንዳይቀምሱት» ብላ ሳቀች። «ዓሣውም እኮ ይህን ዘይት ከራሱ አያመጣውም። አልጌውን ደቃቅ ፍጥረት ይበላዋል፣ ደቃቁን ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን ትልቁ። እየተቀባበሉ ነው። ሰው ጋ ሲደርስ ደግሞ አእምሮ ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ውስጥም፣ ብርሃን የሚቀበለው ቦታ ላይ ይቀመጣል።»

ጋሽ ገንዳ ባንኮኒውን ያዘ። «እኔ ዓሣ አልበላም። የእኔ ዓይን ውስጥ ያለው ከየት መጣ?»

«ከሌላው ምግብ ሰውነትዎ ጥቂት ጥቂት ይሠራል። የመጀመሪያውን ስንቅ ግን እናትዎ ናት የሰጠችዎ፣ በሆዷ እያሉ፣ በኋላም በጡቷ።»

ሰውየው ነገሩን በሐሳቡ አገጣጠመው። ብርሃን ውሃ ላይ ይወድቃል፣ ልጋግ ይሆናል። ልጋጉ ዓሣ ይሆናል፣ ዓሣው ዓይን ይሆናል፣ ዓይኑ መልሶ ብርሃኑን ያያል። ይሄ ሁሉ ሥራ አፍንጫው ሥር ሲሠራ፣ እሱ ቆሻሻ ነው ብሎ ሲፍቅ ኖሯል። እናቱ ደግሞ፣ ፊደል የሚባል ያልቆጠረች ሴት፣ ይህን ሁሉ ሳታውቀው ሰጥታዋለች። እጁን ዓይኑ ላይ አደረገ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰበር የሚፈራ ይመስል።

«ክኒን ግን ክኒን ነው» አለች ልጅቷ። «እርምጃውንና ምግቡን አይተካም። ለሐኪምዎም ይንገሩት። ተአምር ነው የሚላችሁን አትስሙ።»

«ተአምሩንማ አሁን ነገርሽን» አለች ሚስቲቱ። አረንጓዴውን አስጠቀለለች። ቤት ሊደርሱ ሲሉ፣ «ነገ ይዘኸኝ ትሄዳለህ» አለችው።

በማግስቱ አዳራሹ ባዶ ሳለ ገቡ። እሱ መስታወቱን ፍቆ ጨረሰ፣ ባልዲውን ግን ለመድፋት እጁ ዘገየ። መብራቱን አበራ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ያ ሁሉ ቀለም ወደ እነሱ ሲመጣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች፣ መልሳም ተጠጋች። «ለዚህ ነው እንዴ ቤት የማይናፍቅህ» አለች፣ ድምጿን ቤተ እምነት እንደገባ ሰው ዝቅ አድርጋ።

ከዚያ ከቦርሳዋ ክኒኑን አወጣች። ዋጠ።

«አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ።»

ከፈተ፣ አነሳ። ከመስታወቱ ወዲያ ሻለቃና ሙሽሪትም አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«አሁንስ አመንሽኝ?»

«ነገም መጥቼ አያለሁ» አለች። ዓይኗ ግን እሱ ላይ አልነበረም፣ ውሃው ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተኳሿ ሥራ የምትገባው አርፍዳ ነው። አለቃዋ ሲጠይቃት፣ «ባሌን መድኃኒት ሳስውጥ ነው» ትለዋለች። እሱም እስካሁን ያምናታል።