ንባቡን ያቋረጠው ጭብጨባ

ከዳንግላ የተነሣሁት ገና በማለዳ ነው። ጋሪ መናኸሪያ አደረሰኝና ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የጉዞዬ ምክንያት አዲስ አበባ የሚካሄድ ዓለም አቀፍ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ነበር። ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ፈንታሁን በአዊኛ የጻፉትን አጭር ልብ ወለድ ሊያነቡ፣ እኔ ደግሞ የአማርኛ ትርጉሙን ላነብ ተጋብዘናል። እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ አዊኛ አልችልም። ክረምቱን ሙሉ እሳቸው እያብራሩልኝ እኔ እየጻፍኩ ነው የተረጎምነው።

አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ የከሰል ጆንያ እንደ ወትሮው መንገዱን ይዞ ተደርድሯል። የጋሽ ፈንታሁን ታሪክም የዚሁ አገር ነው። አንድ ገበሬ የገብስ ማሳውን በሙሉ ለከሰል ዛፍ ይሰጣል። ዛፉ ያድግለታል፤ ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል። ከዚያ በሽታ ገብቶ ዛፉ ቆሞ ይደርቃል።

እንጅባራ፣ ቆሰበር መናኸሪያ ጋሽ ፈንታሁን ካፖርታቸውን ለብሰው ከባለቤታቸው ከእትዬ የሺ ጋር ጠበቁኝ። እትዬ የሺ የተቀቀለ ድንችና ሚጥሚጣ ቋጥረውልናል።

«ሰው ፊት ሲቆም ይቸኩላል። ቀስ በል በይው» አሉኝ።

በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን አድርገን ሄድን። በየኬላው እየወረድን ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ የጋሽ ፈንታሁንን ወረቀቶች አገላብጦ አየና፣

«ምንድን ነው ይሄ፣ አባት?» አላቸው።

«የጻፍኩት ታሪክ ነው።»

«ስለ ምን?»

ስለ ምን እንደሆነ ነገሩት። አዳምጦ ወረቀቱን መለሰላቸው። በዚያ ጉዞ ሁሉ ስለ ጽሑፉ የጠየቀን ሰው እሱ ብቻ ነበር። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ካፖርታቸውን አስወለቃቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ንባባቸውን ይለማመዱ ነበር።

አዳራሹ

ፌስቲቫሉ የተካሄደበት ሆቴል አንድ ማኪያቶ የሚሸጠው ዳንግላ ለሁለት ሰው ምሳ በሚበቃ ዋጋ ነው። አስተባባሪዋ በትሕትና ተቀበለችን።

«አባባ፣ የባህል ልብስ አላመጡም?»

«እኔ የመጣሁት ላነብ ነው፣ ልጄ።»

«ያው የአዊ ፈረሰኞችን ዘፈን ትንሽ ቢሉልንስ? እንግዶቹ ደስ ይላቸዋል።»

ጋሽ ፈንታሁን ወረቀታቸውን አስተካክለው ወደ አዳራሹ ገቡ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ከውጭ አገር የመጡትን ደራስያን ዝፈኑልን ያላቸው የለም።

ከእኛ በፊት ሁለት እንግዶች እስኪበቃቸው ድረስ አነበቡ። ከዚያ ጋሽ ፈንታሁን ተጠሩ። አልቸኮሉም። ድምፃቸው ረጋ ያለ፣ ጥርት ያለ ነበር። ሁለተኛውን ገጽ እንደጀመሩ የመድረክ መሪው ፈገግ ብሎ መጣና አጠገባቸው ቆሞ ማጨብጨብ ጀመረ። አዳራሹ ተከተለው። ጋሽ ፈንታሁን ጭብጨባው ሲያልቅ ሊቀጥሉ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ጠበቁ። ሰውዬው ግን ማይክሮፎኑን ከፊታቸው አነሣና፣ «ቋንቋው ራሱ ሙዚቃ ነው» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ትርጉሙን አሳጥሬ እንዳነብ ጠየቀኝ።

«እሳቸው አልጨረሱም። እሳቸው ሳይጨርሱ አላነብም» አልኩት።

«ሰዓት የለንም፣ እህቴ።»

«ቅድም ለሌሎቹ ነበራችሁ።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሰውዬው አመሰግናለሁ ብሎ ቀጣዩን ተናጋሪ ጠራ። ጋሽ ፈንታሁን ክንዴን ይዘው ከመድረክ አወረዱኝ። ስንወጣ አስተባባሪዋ ተከትላን ፎቶው በጣም ቆንጆ እንደወጣ ነገረችን።

መልስ

በመልሱ መንገድ ደጀንን እንዳለፍን ጋሽ ፈንታሁን በመስኮት እያዩ፣ «ሲያስቆሙኝ እኮ ዛፉ ገና አልደረቀም ነበር» አሉኝ።

ይህን እስኪሉኝ ድረስ እኔም ልብ አላልኩትም። እዚያ ድረስ ታሪኩ ስለ ለምለም ዛፍና ስለ አዲስ ቆርቆሮ ነው። አዊኛ የሚሰማ ሰው አዳራሹ ውስጥ ከነበረ፣ ደስ የሚል ታሪክ ሰምቶ ወጥቷል።

ቆሰበር ስንወርድ እትዬ የሺ መናኸሪያው በር ላይ ነበሩ።

«እንዴት ሆነላችሁ?»

«ደህና ነበር። አጨበጨቡ» አሉ ጋሽ ፈንታሁን፣ ዓይናቸውን ከባለቤታቸው እያሸሹ።

ዝም ማለት አቃተኝ። ኀፍረቱ የጋሽ ፈንታሁን አልነበረም። የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። እትዬ የሺ ጨርሰው ሰሙኝና ወደ ባላቸው ዞሩ።

«የት ጋ ነው ያስቆሙህ?»

«ዛፉ ሲያድግ።»

«ታሪኩን እኔም አላውቀውም። ስትጽፍ አየሁ እንጂ መቼ አነበብክልኝ።»

ጋሽ ፈንታሁን ትንሽ አቀረቀሩ። ከዚያ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን አወጡ፤ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ገበሬዎች ቆመው አዳመጡ። ዛፉ የሚደርቅበት ገጽ ላይ ሲደርሱ አንደኛው በአዊኛ አንድ ነገር አለ። ጋሽ ፈንታሁን ቀና ብለው መለሱለትና ቀጠሉ። ማንም አላጨበጨበም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በመጨረሻው ሚኒባስ ዳንግላ ገባሁ። ንዴቴ አሁንም አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ድሮ ግብዣ ሲመጣልኝ የምጠይቀው መቼና የት እንደሆነ ነበር። ከእንግዲህ የምጠይቀው እስከ መጨረሻው ያስነብቡን እንደሆነ ነው።