የተቆጣው ቁስል

አሶሳ የክልል ከተማ በሆነች ሰሞን ከጎጃም በታይፒስትነት ተመድቤ መጣሁ። አከራዬ ባል የሞተባቸው የበርታ ሴት ነበሩ፤ ከጥቁር እናትና አባት የተወለዱ አልቢኖ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበያ ላይ ማንጎ ሲሸጡ ፀሐይ ቆዳቸውን በልታዋለች። በተለይ በግራ ዐይናቸው ጎን፣ ሲዳስሱት እንደ አሸዋ የሚሻክር ቅርፊት አውጥተው ነበር።

ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀን የመጣ የቆዳ ሐኪም አለ ሲባል ይዣቸው ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ተጣድፏል።

«ገና ካንሰር አልሆነም፤ ዝም ከተባለ ግን ይሆናል» አለና አንድ ቱቦ ቅባት ሰጣቸው። «ጠዋትና ማታ ይቀቡ። ይቆጣል፤ እንዳይደነግጡ። ገባዎት?»

«ገባኝ» አሉ።

መንገድ ላይ ግን ክንዴን ያዙኝ። «ያ ቢንቲ፣ ማን ነው የሚቆጣ?» አማርኛቸው የገበያ ነው፤ «ልጄ» የሚሉኝ በዐረብኛ፣ «አንተ» የሚሉኝ እንደ ወንድ።

«ቁስሉ ነው እማማ።»

«ቁስል ይቆጣል? የእናንተ አማርኛ፣ ቁስልም ሚስት አለው በለኛ!»

እስከ ቤት ድረስ ስንስቅ ሄድን።

ፍልሰታ ገባና ገዳም ሄጄ ሱባዔ ያዝኩ። ስመለስ በር ላይ ጠበቁኝ፤ የዐይናቸው ጎን ጠርቷል፣ ቅርፊቱም የለም። «እይ! ቁጣው ጠፋ!» አሉ። እሳቸው «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ እኔም መሬት ስሜ አምላኬን አመሰገንኩ። በማግስቱ ስለት ያለብኝ ይመስል ሻማ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገፋ ቅርፊቱ ተመለሰ። ጠጠረ፤ ደማ። ሐኪሙ ዳግመኛ ሲመጣ ቅባቱን አሳዩኝ አላቸው። ከጨርቅ ፈትተው ሰጡት፤ ቱቦው ሙሉ ነው ማለት ይቻላል።

«ለምን ተዉት?»

«እሱ ቀላ፣ አቃጠለ፣ ተቆጣ። ሰው ሲቆጣ ትተወዋለህ አይደለም? እኔም ተወው። ሰሊጥ ዘይት ቀባው፣ ታረቀ።»

ሐኪሙ ቱቦውን አገላበጠው። «መቆጣቱ እኮ መድኃኒቱ መሥራቱ ነበር» አለኝ፣ ወደ እኔ ዞሮ። «አሁን ይህ በቅባት የሚመለስ አይደለም።»

አዲስ አበባ ወስጃቸው ተቆርጦ ወጣላቸው። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ተመስገን ነው። ነገር ግን ጠባሳው የግራ ዐይናቸውን የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ጎትቶ አስቀረው።

ያቺን ችኩል ምስጋናዬን ዛሬም አስባታለሁ። ፈጣሪ አይቀየመኝም፤ ያመሰገንኩት በቅን ልቤ ነው። ግን ከመሬት ቀና ስል «ቅባቱ አለቀ ወይ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ፣ ከሻማው በፊት ያቺ አንዲት ቃል ብትቀድም ኖሮ፣ እላለሁ።

አሁን እኩለ ቀን ላይ ጋደም ሲሉ ግራ ዐይናቸው ተከፍቶ ይቀራል። አቧራ እንዳይገባበት ጨርቅ በውሃ አርሼ ልሸፍንላቸው እጠጋለሁ።

«እማማ፣ ነቅተዋል?»

ግራ ዐይናቸው እኔን ያያል። ተኝተዋል።