ያልተፈረመበት የዓምሃ ደብተር

ወለተማርያም ቀጨኔ ዳገት ላይ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በዩኒቨርሲቲ የተማረችውም ይህንኑ ነው። ቀንና ፊርማ የሌለው ወረቀት በእጇ አያልፍም። ታናሽ ወንድሟ ዓምሃ እዚያው እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። የካቲት ላይ የሳምባ ሕመም ገደለው።

ዓምሃ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ለሰዋስው የፈጠራ ምሳሌ አይሰጥም። «ያልሆነ ነገር በኃላፊ ጊዜ አይጻፍም» ይል ነበር። ጉዲና ካረፈደ የዕለቱ ምሳሌ «ጉዲና ዛሬ አረፈደ፤ ከአባቱ ጋር ወደ ሸጎሌ ገበያ በግ ነዳ» ይሆናል። ግስን ከባለቤቱ ጋር ሲያስማማ ደግሞ «የሃና እናት ጀበና ትሠራለች፤ አክስቶቿ ይሸጣሉ» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፍና፣ ለእናትየው ግሱ ላይ «ኤስ» ይጨምራል፤ አክስቶቿ ላይ ሲደርስ ያነሳዋል። ልጆቹ እየሳቁ ትምህርቱን ይይዙታል። ምሳሌውን ሁሉ በየቀኑ ደብተሩ ላይ ያሰፍር ነበር።

አልጋ ላይ ሲውል ርእሰ መምህሩ አቶ ኤርሚያስ ሊጠይቁት መጡና «ደብተሩን ለተተኪው መምህር» አሉ። ወለተማርያም በገዛ እጇ አውጥታ ሰጠቻቸው። በዕድሜዋ ሳታስፈርም ያስረከበችው ሰነድ እሱ ብቻ ነው።

ሰኔ ላይ ደብተሩ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ ኤርሚያስ ተክሌ» ይላል።

«ይሄ የዓምሃ ነው» አለቻቸው ቢሮአቸው ገብታ።

«ሰዋስው እኮ የማንም አይደለም፣ ወለተማርያም። ማስረጃ ካለሽ አምጪ።»

«እሺ» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም።

ክረምቱን በሙሉ የወንድሟን የክፍል ስም መጥሪያ መዝገቦች ስታገላብጥ ከረመች። አንድ ምሳሌ ከአንድ ቀን ጋር በገጠመ ቁጥር ደስ ይላት ነበር፤ እንዲህ ያለ ደስታ ከቀብሩ ወዲህ አላየችም። ሰውየው እንዲያለቅሱ አልፈለገችም። መጽሐፉን ሰው ፊት እንዲያነቡ ነው የፈለገችው።

ጳጉሜ ላይ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። መዝገቦቹን ታቅፋ ተነሳች።

«አቶ ኤርሚያስ፣ እስቲ ገጽ አሥራ ሁለትን ያንብቡልን። ባማርኛ እየተረጎሙ ይሁን።»

መጽሐፋቸውን ሊያስተዋውቁ ያሰቡት ሰውዬ ደስ ብሏቸው አነበቡ። ገና የጉዲናን ስም ሲጠሩ የልጁ አባት ከኋላ ጮኹ፦

«እንዴ! ይሄማ የኔ ልጅ ነው! ያን ቀን ያስረፈድኩት እኔው ነኝ!»

«ኅዳር ሦስት ቀን» አለች ወለተማርያም መዝገቡን ዘርግታ። «ጉዲና፣ የዘገየ። ፈራሚ መምህር ዓምሃ። ይቀጥሉ፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ።»

ሃያ ሦስት ምሳሌ፣ ሃያ ሦስት ቀን። የሃና እናት «የኔንም ጀበና አሳትመውታል ለካ!» ብላ አዳራሹን አሳቀችው። የመጨረሻው ገጽ አርባ ላይ ነበር።

«ለሦስት ሳምንት ሲያስለኝ ቆይቷል» ብለው አነበቡ አቶ ኤርሚያስ። ድምፃቸው ሰለለ። «እህቴ ሐኪም ቤት ሂድ ትለኛለች።»

«ጥር ላይ ሲያስልዎት ነበር እንዴ?» አለች የመዝገቡን ቀን እያሳየች። «እህትዎስ ማን ትባላለች?»

የሳቀ አልነበረም።

«በሚቀጥለው እትም ስሙን እናስገባለን፤ በቃ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

«የታተመው ሦስት መቶ ነው፤ ሁሉም እዚሁ አለ። ዛሬ፣ በእጅዎ ያርሙት።»

«ይጻፉ!» አለ ሰዉ።

ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ወጣላቸው። የራሳቸውን ስም እየሰረዙ የዓምሃን ይጽፋሉ፤ እሷ አጠገባቸው ቆማ አንድ በአንድ ትቀበላለች።

«ይሄ አይነበብም። ይድገሙት።»

መቶ ሲሞላ «እጄ ዛለ፣ እባክሽ» አሉ።

«እሱ ትኩሳት ይዞትም ይጽፍ ነበር» አለችና ቀጣዩን አቀረበችላቸው።

ሦስት መቶው ሲያልቅ ደብተሩን ከመሳቢያቸው አስመጥታ ገጾቹን ቆጠረች፤ አልጎደለም። ከዚያ የርክክብ ቅጽ ዘረጋች፤ «አስረካቢ» የሚለው ላይ ጣቷን አሳርፋ እስክሪብቶውን መልሳ ሰጠቻቸው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ። ቀኑንም ይጻፉበት።»